አማቷ ያወጡላት ስም

በጠዋቱ ሚኒባስ ከባሕር ዳር የተነሣሁት የራሴን ስህተት ላርም ነው። የምተዳደረው ሰነድ በመተርጎም ነው። ለአንዲት የፎገራ እናት ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ «አለምነሽ የሚባሉት» የሚለውን «ጎዝ ባይ ዘ ኔም ኦፍ» ብዬ ጻፍኩት። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። ኤምባሲው ደብዳቤውን መለሰው፤ «የሚጠሩበት ይህ ከሆነ ትክክለኛ ስማቸው ማን ነው?» ሲል። የእንግሊዝኛው ሐረግ የሚያገለግለው አንድ ሰው ከዋናው ስሙ በተለየ ስም ሲጠራ መሆኑን ያኔ ነው ልብ ያልኩት። የቪዛ ቀጠሯቸው ዐርብ ነው። ወንድ ልጃቸው ፈንታሁን በስልክ «እኔ ሌላ ስም አላውቅም፤ እስቲ ራሷን ጠይቂያት» አለኝ።

ረፋድ፣ ወረታ

ፈንታሁን ሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ጠበቀኝ፤ ቅንድቡ ሳይቀር ገለባ ለብሷል። በባጃጅ እናቱ ወደሚኖሩበት ወደ ቁሐር ሚካኤል ወጣን። የክረምቱ ውሃ ከሜዳው ገና መሸሹ ነው። ሩዙ ቢጫ ሆኗል፤ ከብቶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። መንገዱ ሲያስቸግር ወርደን ባጃጁን ገፋን።

ቀትር፣ ቁሐር ሚካኤል

እማማ አለምነሽ ሩዝ እያሰጡ ነበር። ጥያቄዬን ከመስማታቸው በፊት ጤፍና ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልኝ። በልቼ ስጨርስ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ሌላ ስም አለዎት እንዴ?»

«አለኝ እንጂ፤ አባቴ ያወጣልኝ ውብአንች ነው። ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ አለምነሽ አሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በፊተኛው የጠራኝ የለም።»

ፈንታሁን ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ሳትነግሪን?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሐረጉ ሳላውቀው እውነት ተናግሮ ኖሯል! መታወቂያቸውም ፓስፖርታቸውም አለምነሽ ስለሚል፣ ሐረጉን ሰርዤ ብሄድ ነገሩ ባለቀ ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የቀረውን ሩዝ እያራገፉ አሰቡ።

«ብትሰርዢው መንገዴ ይቀናል?»

«ይቀናል፣ እማማ።»

«ሁለቱን ብትጽፊስ?»

«ቀበሌ ምስክር ይጠይቃል። ካልዘገየብን ይደርሳል።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ጻፊ፣ ልጄ። ውጭ ያለችው ልጄም የእናቷን ስም ትወቅ።»

በልጅነታቸው የሚያውቋቸው አንድ አዛውንት ከጎረቤት ተጠርተው ቀበሌ አብረውን ሄዱ። «ውብአንች ናት፤ ውሃ አብረን ቀድተናል» ብለው መሰከሩ። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። የምስክርነቱ ወረቀት ላይ ማኅተሙ ሲመታ ሠራተኛው ሊዘጋ ቁልፉን አንሥቶ ነበር።

ማታ፣ ባሕር ዳር

ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩ፤ መጀመሪያ ውብአንች፣ ቀጥሎ ያ ሐረግ፣ ከዚያ አለምነሽ። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ያልተተረጎሙ ሰነዶች ነበሩ። በማግስቱ ብዕር ከማንሣቴ በፊት ለየባለቤቶቻቸው ደውዬ ስማቸውን ማን እንዳወጣላቸው ጠየቅኩ። አንዷ ሳቀችና ሩብ ሰዓት አወራችኝ።

የቪዛው ፈቃድ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ፈንታሁን ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወለልኝ፤ «ውብአንች ብዬ ስጠራት አልዞር አለች፤ ገና አልለመደችውም» አለኝ።