በውዱእ የጠገበችው አበባ

እህቴ ከእኛ ጋር የዋለችበት የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። እኛ ግን አላወቅንም። እንደ ማንኛውም የከሚሴ ሐሙስ ይሞቅ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀኑን ይዟል፤ እህቴም በረንዳው ላይ ተቀምጣ እኔን ልትፈትነኝ ተዘጋጅታ ነበር።

ፈተናው ስለ አበባ ነው። በማግስቱ ደሴ የሐኪም ቀጠሮ አላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧን ያማታል፤ በየሦስት ወሩ እየሄደች ትታያለች። እንደ ሁልጊዜው አክስታችን ዘንድ ሦስት ቀን ልትቆይ ነው። አበቦቿን ደግሞ ለእኔ አደራ ልትሰጥ ነው። ለእኔ የሰጠችው አምናኝ አይደለም። ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር፤ ሥራ የፈታ ሰው ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አበቦቹ ሰባት ናቸው። ሀረጓ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ሆና በመስኮቱ ላይ ትሄዳለች። ቃጫ የምትመስለው፣ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ የቆመው፣ በወተት ጣሳ ውስጥ ናት። ሌሎቹንም አልዘረዝርም። ዋናዋ ፔፔ ናት። ቅጠሏ ክብ፣ ወፍራም፣ ቅቤ የተቀባች የምትመስል ትንሽ አበባ። እህቴ ደሴ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ ከተቀመጠች ሴት ነው አንድ ቅንጣቢ ያገኘችው። ስሟንም እንዳትረሳው መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ መጣች። ፔፔሮሚያ።

ይህ ስም ሰፈሩን በሦስት ከፈለው። እናቴ "በርበሬ" ብላ ሰማችው። "በርበሬ ከሆነች መቼ ነው የምታፈራው?" እያለች ሁለት ዓመት ጠበቀች። የጎረቤታችን ሽማግሌ ደግሞ ጆሯቸው የስሙን ጭራ ብቻ ያዘ። "ኦሮሚያ? በሉ እንግዲህ የኦሮሞ ዞናችን ናት!" አሉ። ከዚያ ወዲያ በበራችን ሲያልፉ መጀመሪያ የሚጠይቁት የእሷን ጤና ነው። እኔና እህቴ ፔፔ አልናት። ለክርክር ጊዜ አልነበረንም።

እና ያን ሐሙስ ፔፔ ታማ ነበር። ቅጠሎቿ ከሥር ከሥር ይረግፋሉ። ግንዷ ሲነኩት እንደ በሰለ ድንች ይሆናል። እህቴ ለሁለት ሳምንት "ምን ነካት?" ስትል ነበር። እኔም አብሬ "ምን ነካት?" እላለሁ። እናቴም ትላለች። አባቴም ይላል።

"ና እስቲ፣ ዶክተር" አለችኝ። ዶክተር የምትለኝ ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ስለወደቅሁ ነው። "ጣትህን አፈሩ ውስጥ አስገባ።"

አስገባሁ። ጭቃ ነው።

"ምን ይላል?"

"ረጥቧል።"

"እኔ ያጠጣኋት ያለፈው ቅዳሜ ነው። ማነው ያጠጣት?"

ጭቃውን ከጣቴ ጠረግሁ።   አባቴ ለዙሁር፣ ለእኩለ ቀን ሶላት፣ ሊወጣ ነበር፤ ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሟል። ማንቆርቆሪያው ሥር የቀረችውን ውሃ ልክ እንደ ልማዱ፣ ማንም እንዳላየው ሰው፣ ፔፔ ላይ ደፋት።

እህቴ አየችው። እኔን አየችኝ። ሳቋ መጣ።

"አባ! አንተ ነህ?"

"ምን አደረግሁ? የተረፈች ጠብታ ናት። ለተክል ውሃ መስጠት ሰደቃ ነው።"

"በየሶላቱ?"

"ኧረ ዙሁርና ዐስር ብቻ ነው፣ ወላሂ" አለ አባቴ። "ሌላውን መስጊድ ነው የማደርገው።"

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል። "ቢሻኑ... ውሃው በከንቱ ከሚፈስ ብዬ ነዋ! ውሃ በጠፋበት አገር! የውዱእ ውሃ ደግሞ ሰው የሚረግጠው ቦታ አይደፋም።"

"እማ፣ አንቺስ ስንት ጊዜ?"

"እኔ አምስቱንም እዚሁ ነው የምሰግደው" አለች እናቴ። ቆጠራው ያኮራት ይመስላል።

ከዚያ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። መናገር ነበረብኝ። እኔም አለሁበት። ውሃ ቀድቼ የማመጣው እኔ ነኝ፤ ጀሪካን ተሸክሜ ያመጣሁትን ውሃ መድፋት አልወድም። ስለዚህ የእኔም የውዱእ ትራፊ አምስቱንም ጊዜ ወደ ፔፔ ይሄድ ነበር። እያንዳንዳችን ለየብቻ፣ ሌላው እንደማያጠጣት እያሰብን፣ እያዘንንላት።

እህቴ በጣቷ ቆጠረች። "በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ! እንኳን አበባ ዓሣም አይችለው። ይህች ምስኪን እኮ ከእኛ ሁሉ የበለጠ ውዱእ ያላት ናት። ስትሞት ቀጥታ ጀነት ነው።"

ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሿ ያጥራትና ደረቷን በእጇ ትይዛለች። ያን ቀንም ያዘች። ልምድ ስለሆነ ማናችንም አልደነገጥንም። አሁን ሳስበው... እንዴት እንደምለው አላውቅም። አልደነገጥንም፣ በቃ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ከቦርከና ወንዝ አሸዋ አምጥቼላት ነበር፤ እሱን በወተት ጣሳ ሞላች። የጣሳውን ሥር በምስማር በሳሁላት። ከፔፔ ላይ ያልበሰበሱትን ሁለት ቅጠሎች ከነእንጨታቸው በምላጭ ቆርጣ አሸዋው ላይ ቆም አደረገቻቸው። የቀረውን ለዶሮዎች ጣለችው፤ ዶሮዎቹም አልፈለጉትም።

"ከእነዚህ ሥር ይወጣል" አለች። "አንድ ወር ይፈጃል። በየቀኑ እየነቀልክ ሥር አወጣች ወይ ብለህ እንዳታይ።"

"አልነቅልም።"

"ትነቅላለህ። አውቅሃለሁ። ፀሐይ ላይም አታውጣቸው። ይህን ፀሐይ ሰውም አልቻለው። አሁን ፈተናው። ፔፔ ውሃ እንደጠማት በምን ታውቃለህ?"

"ስትጠወልግ።"

"ዜሮ! ስትጠግብም ትጠወልጋለች፤ አሁን አየህ አይደል? ቅጠሏን በሁለት ጣትህ ያዝ።" ከዚያ የአፍንጫዬን ጫፍ ያዘች። "እንደዚህ ጠንከር ካለች ውሃ አላት፤ ተዋት።" የጆሮዬን ጫፍ ይዛ ጎተተችው። "እንደዚህ ከለሰለሰች ጠምቷታል። ትንሽ ስጣት። ገባህ?"

"ጆሮዬን ልቀቂያ!"

"ገባህ ወይ?"

"ገባኝ!"

ለቀቀችኝ። አበቦቿን አንድ በአንድ አየቻቸው። ቀጥሎ የተናገረችውን ያለ ቀልድ ነው የተናገረችው። እሷ ያለ ቀልድ ስትናገር ደግሞ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

"ስመለስ በሕይወት አገኛቸዋለሁ?"

"ወላሂ ታገኛቸዋለሽ።"

"በወላሂ አይደለም። በጣትህ ነው።"

ከመግሪብ በኋላ እራት በላን፤ የጉዞ ልብሷን አጣጥፋ በፌስታል አስቀመጠች። ተኛን።

አርብ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂ ሶላት እናቴ ልትቀሰቅሳት ገባች። ሁለት ጊዜ ጠራቻት። ሦስተኛው ጥሪ ጥሪ አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ቀብር አይዘገይም። ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ታጥባ፣ ተከፍና፣ ተሰግዶባት ወደ መቃብር ወሰድናት። መቃብራችን ላይ እሬት በየመቃብሩ ተተክሎ ይታያል። የእኛ ሰው እሬት ይተክላል፤ ሳይጠጣ የሚኖር ተክል ነው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ፣ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አበባ ትወድ አልነበር? ከራሷ አበባ አንዱን አምጣና እንትከልላት።"

ሰዎቹ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አሉ። አባቴም ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔም ጥሩ መሰለኝ። ወደ ቤት ሮጥኩ።

ቤት ሴቶች ሞልተዋል። በመሃላቸው አልፌ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሀረጓን አነሳሁ፤ ከሁሉም ያማረችው እሷ ናት። ታቅፌያት ከአጥሩ ወጣሁ። ገና መንገዱን ሳልጋምስ ፀሐይ ቅጠሎቿ ላይ አረፈች። አንገቴን ታቃጥለኛለች። ሀረጓን አየኋት። ይህች በጥላ ያደገች ናት። መቃብሩ ላይ ደግሞ የዛፍ ጥላ የለም። እስከ እሑድ አትደርስም።

መንገዱ መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ሰው የእህቱ ነገር ነው ብሎ አለፈ። እውነት ነው። ግን በዚያች ሰዓት ያስለቀሰኝ ሀረጓ ናት። ለአጎቴ እንቢ ማለትም ነው። በሕይወቴ ለእሳቸው እንቢ ብዬ አላውቅም።

ሀረጓን መለስኳት። ባዶ እጄን ሄድኩ።

"የታለች?" አሉ አጎቴ።

"አይቆጡኝ አጎቴ። እዚህ አትተከልም።"

"ለምን?"

"ፀሐይ አትችልም። ትሞታለች።"

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ "ሐዘን ነው፣ ተዉት" አለ በቀስታ። አጎቴ ግን ተጠጉኝ።

"አንዷ ብትሞት ምን አለበት? ለእህትህ እኮ ነው።"

"በሕይወት አገኛቸዋለሁ ወይ ብላኛለች" አልኩ። "አንዷንም አልሰጥም።"

 አጎቴ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ አልለውም።

"የሐኪሙ ቃል ይሁን እንግዲህ" አሉ። "ታዲያ ምን እንትከል፣ ሐኪሙ?"

"እሬት።"

ከአያቴ መቃብር ጥግ ከትልቁ እሬት ጎን የበቀለች ትንሽ እሬት ነበረች። ተንበርክኬ ሥሯን ሳልቆርጥ በእጄ ቆፍሬ አወጣኋት። በእህቴ ራስጌ ተከልኳት፤ አፈሩን ጠበቅ አደረግሁላት። አጎቴ ውሃ በኮዳ ይዘው መጡ፤ ሊያፈሱ ሲያዘነብሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"ትንሽ ብቻ፣ አጎቴ።"

ትንሽ ብቻ አፈሰሱ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ከአባቴ ጎን ቆምኩና ከሰዎቹ ጋር ለዱዓ እጄን ዘረጋሁ።