ቅባቱን ሦስት እጅ የደረበው ቀለም ቀቢ

በሰፈራችን ቀለም ቀቢውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ሦስቴ» ነው የሚባለው። ግድግዳው አዲስም ይሁን አሮጌ ሦስት እጅ ሳይቀባ ከመሰላሉ አይወርድም።

ታዲያ ይኸው ሰው ብልቱ ላይ ኪንታሮት ወጣበት። ከኪንታሮቱ ይልቅ የፈራው ሚስቱን ነው። «ብነግራት የአሥራ ስምንት ዓመት ትዳሬ አበቃለት» ብሎ ተደብቆ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ቅባት አዘዘችለት፣ አጠቃቀሙንም አስረዳችው። እሱ ግን ራሱን እየነቀነቀ ሌላ ያስባል፦ ዕድሜውን ሲቀባ ለኖረ ሰው መቀባት ሊያስተምሩት!

እቤቱ ገብቶ በየቀኑ ሦስት እጅ ደረበው። እንዳይነካካ ብሎም በፕላስተር አሸገው። በሳምንቱ እንደ መሰላሉ እግሩን አንፈራጦ መሄድ ጀመረ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ወገቤን ነው።»

«ወገብህ ወደ ፊት ዞረ እንዴ?»

ሲብስበት ወደ ሐኪሟ ተመለሰ። አይታ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው እንዲህ የተላጠው?»

«በደንብ ቀባሁት፣ ዶክተር።»

«ግድግዳ መሰለዎት? አሁን ያቁሙት። ቁስሉ ሲድን፣ እኔ ይጀምሩ ስልዎት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ ቀን እየዘለሉ ሲተኙ ይቀባሉ። ስስ አድርገው፣ ኪንታሮቱ ላይ ብቻ። መሸፈን የለም። ጠዋት በሳሙናና በውሃ ይታጠቡታል፤ እጅዎን ከመቀባትዎ በፊትም በኋላም። ቅባቱ ላይዎ ላይ እያለ ግንኙነት የለም፤ ኮንዶምም ያዳክማል።»

«አንድ እጅ ብቻ?» አለ፣ የሙያ ክብሩ እንደተነካ ሰው።

«አንድ! ለባለቤትዎስ ነግረዋል?»

ቀበቶውን ማጥበቅ ጀመረ።

«ኪንታሮቱን የሚያመጣው ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል» አለች ሐኪሟ። «ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከማን፣ መቼ እንደመጣ ማወቅ ያስቸግራል። እሳቸውም መታየት አለባቸው።»

ሚስቱን ሽንኩርት ስትከትፍ አገኛት። ሁሉንም ነገራት፣ ፕላስተሩን ሳይቀር። ቢላዋዋን አስቀመጠች፤ እሱም ቢላዋዋን ያያል።

«ከማን አመጣኸው?»

«ካገባሁሽ ወዲህ ሌላ ሴት አላውቅም። ምናልባት ከድሮ ነው። ሐኪሟ አንቺም ታይ ብላለች።»

ቢላዋዋን መልሳ አነሳች።

«ማመኑን ቀስ ብዬ አስብበታለሁ» አለች። «ነገ ግን አብረን እንሄዳለን። ሐኪሟ የምትለውን የምሰማው እኔ ነኝ፤ አንተ ውጭ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ መቀመጥ ከቻልክ።»