የውጫሌዋ ሳጅን አሻራ

ለዚህ ጉዞ የተነሳሁት አንዲት ሴት «እሺ» እንድትለኝ ነው። እኔ አዲስ አበባ የጣት አሻራ መርማሪ ፖሊስ ነኝ። ሳጅን ዘይነባ ማሠልጠኛ አብራኝ የገባች፣ ዛሬ አምባሰል ወረዳ፣ ውጫሌ ላይ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። በለውጡ ሰሞን የአሻራ ሙያ መግቢያ ፈተናውን ከእኔ በተሻለ ውጤት አልፋ ነበር። ልትመጣ ስትሰናዳ ጦርነቱ ደረሰ። አሁን ክፍላችን የሥልጠናና የሥራ ቦታውን እንደገና ከፍቶላታል፤ መልሷ የሚጠበቀው እስከ ሰኞ ነው። ስደውልላት ግን ወሬ እየቀየረች አስቸገረችኝ። ፈቃድ ጠየቅኩና ሐሙስ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሐይቅ

ደሴ አድሬ በማግስቱ በሚኒባስ ሐይቅ ገባሁ። ምሳዬ ከሐይቁ የወጣ የዓሣ ጥብስ ነበር፤ ዋጋው የአዲስ አበባውን ግማሽ አይሞላም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ውጫሌ፣ ሳጅን ዘይነባ ዘንድ።»

«እሷን ሊወስዱብን እንዳይሆን ብቻ» አሉና ሌላ ዓሣ ጨመሩልኝ። ጉቦ መሰለኝ፤ በላሁት።

ውጫሌ

መንገዱ ከሐይቅ ወዲያ በአረንጓዴ ተራሮች መሃል ይሄዳል። ከአስፋልቱ ዳር ዳር የተቃጠለ ከባድ መኪና አጽም አልፎ አልፎ ይታያል።

እኛ መሥሪያ ቤት አንዱ አሻራ ያያል፣ አንዱ ሰነድ፣ ሌላው ጥይት፤ ሁሉም በየሙያው ማዕረጉን እየቆጠረ ያድጋል። ዘይነባን ያገኘኋት አስፋልት ላይ የሁለት መኪና ግጭት ስትለካ ነው። ከዚያ በድንበር የተጣሉ ገበሬዎችን አነጋገረች፤ ከዚያ በሯን ዘግታ ከአንዲት ሴት ጋር ረጅም ሰዓት ተቀመጠች። ማዕረጓ ግን ዛሬም ሳጅን ነው። ተናደድኩላት።

«አንተ እኮ ጣት እንጂ ሰው ካየህ ቆየህ» ብላ ቀለደችብኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ከጤና ጣቢያው የውሃ ፓምፕና ሌላም ዕቃ ተወስዶ ነበር፤ ነርሶቹ እስካሁን ውሃ የሚቀዱት በጀሪካን ነው። ሼሁና ቄሱ ለየምዕመናቸው ተናግረዋል፦ ፓምፑን የያዘ ሰው መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያኑረው፤ ማንም አይጠብቀውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ዘይነባም ፖሊስ እንደማይከታተል በሕዝብ ፊት ቃል ሰጥታለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፓምፑ መስጊዱ ግቢ ተቀምጦ ተገኘ። ሰው ተሰበሰበ። የፓምፑ ቆርቆሮ በዘይት የተነከሩ ጣቶች ያረፉበት፣ ምንም ያልተበላሸ አሻራ የሞላበት ነው። እጄን በላኝ። ዘይነባን ላማልልበት ብዬ ያመጣሁት የአሻራ ማንሻ ዱቄትና ብሩሽ በቦርሳዬ አለ።

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ፣ ሰውዬውን አገኝልሻለሁ» አልኳት በጆሮዋ።

«ንካውና እንጣላለን! ቃሌን ከበላሁ ወላሂ ሌላው ዕቃ አይመለስም።»

ጨርቅ አስመጣች፤ ዓይኔ እያየ ፓምፑን ከላይ እስከ ታች ወለወለችው። ሽማግሌው ሼህ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«አብሽር ልጄ። የመለሰው ሰውዬ እኮ እዚሁ ቆሞ እያየ ነው።»

ዞር ብዬ ያን ሁሉ ፊት አየሁ። እኔ በመሣሪያ ልደርስበት የምፈልገው ሰው የእሷን ቃል አምኖ መምጣቱ እጅግ ደነቀኝ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ «በል አሁን አስተምረኝ» አለችኝ። ከሻይ ብርጭቆዋ ላይ የአውራ ጣቷን አሻራ በዱቄት አወጣን፤ በፕላስተር አንስታ ካርድ ላይ ለጠፈችው። ብርሃን ላይ ስታየው ፊቷ እንደ ልጅ በራ። ሙያው ከልቧ አልወጣም።

«ከሥልጠናው በኋላ እዚህ ትመልሱኛላችሁ?» ጠየቀችኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «በወረዳ ደረጃ የአሻራ የሥራ መደብ የለም።»

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «በጦርነቱ የተጎዱት ሴቶች የሚያናግሩት እኔን ብቻ ነው። ትቻቸው ከሄድኩ ለማን ይናገራሉ?»

መልስ

እሑድ መናኸሪያ የመጣችው የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣ ሳትይዝ ነው። መልሷን አወቅኩ፤ አዘንኩ፣ ኮራሁባትም። ያንን ካርድ እጄ ላይ አኖረችልኝ።

«ለአለቆችህ ስጥልኝ። ውጫሌ ላይ መደብ ሲከፈት ባለቤቱ አለ በላቸው።»

ከጉዞዬ የተማርኩት፣ ትልቅ ከተማ ሙያተኛ እንደሚያሳድግ፣ ትንሽ ከተማ ደግሞ ፖሊሱን የሁሉ ሰው እንደሚያደርገው ነው። ለዘይነባ ሁለቱም ይገባት ነበር።

ሰኞ ካርዱን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ጥርት ያለ ነው። የየትኛው ተጠርጣሪ ነው?»

«የተጠርጣሪ አይደለም» አልኳቸው፣ «የአመልካች ነው።»