በዋርካው ሥሮች ላይ የከመርሁት ዋልካ

ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሞኑን ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ተጠርቼ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ወዳለው የሽምግልና ዋርካ ሄድሁ። በጦርነቱ ወራት ሰው ስላልተቀመጠበት ከመሬት በላይ የተጋደሙትን መቀመጫ ሥሮች ግማሾቹን ጭቃ ሸፍኗቸዋል። ታናሽየው፣ «ጋሼ፣ የቀረውንም አፈር አልብሰን ብንደለድለው አይሻልም?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

በወጣትነቴ፣ የግብርና ተማሪ ሳለሁ፣ ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጣሁ። በዚያ ዕድሜዬ በመንደራችን የማላርመው ነገር አልነበረም። እነዚህን ሥሮች ጎርፍ ያራቆታቸው መስሎኝ ሁለት ቀን ሙሉ ጥቁር የዋልካ አፈር እየዛቅሁ ቀበርኋቸው። ዋልካ በክረምት ውኃ ቋጥሮ አየር እንደሚነሳ፣ ሥርም ወደ ላይ የሚወጣው ለመተንፈስ መሆኑን መምህሩ ሲያስረዱ አንቀላፍቼ ኖሯል።

በማግስቱ አባቴና ጎረቤታችን አያ እንድሪስ በዋርካው ጥላ የሚታረቁበት ቀን ነበር። አባቴ የማሳውን ውኃ ወደ አያ እንድሪስ ማሽላ በመልቀቁ ከተኳረፉ ወር አልፏቸዋል። ሁለቱም ባለ አንድ በሬ፣ አቀናጅተው የሚያርሱ ናቸውና ካልታረቁ የጤፉ ወቅት ማለፉ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሚቀመጡባቸው ሥሮች የሉም፤ በምትኩ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ጠበቃቸው። በአገራችን ደግሞ ቆሞ ማስታረቅ የለም። አንጋፋው ሼህ አሊ ምርኩዛቸውን ከጭቃው መንጭቀው፣ «መቀመጫችንን ማን ቀበረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ፤ ዛፉ እንዳይደርቅ ብዬ...»

«አያቴን በጥላው ያስቀመጠ ዛፍ! ያለ ተማሪ አይደል እዚህ የደረሰው? በሉ፣ ለሌላ ቀን ይሁን» ብለው ዞሩ።

አባቴ ፊቱ ጠቁሮ አካፋ አነሣ።

«አካፋውን ተው! ሥሩን ትቆርጠዋለህ፤ በእጅ ነው» አለው አያ እንድሪስ። የወሩ ኩርፊያ የተሰበረው በዚህች ቃል ነው። ሁለቱም ተንበርክከው ይዝቁ ጀመር።

«ልጅህን ለዚህ ነው ያስተማርኸው?»

«የመንገድ ስንቁን በሶ የቋጠርህለት አንተ አይደለህ? እኩል ነን!»

አያ እንድሪስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሳቁን ሰምተው የተመለሱት ሼህ አሊ ከተጠረገው ሥር ላይ ተቀምጠው፣ እስከ ክርናቸው የተጨማለቁትን ሁለት ሰዎች አዩና፣ «ለእኛ ምን አስቀራችሁልን? እንግዲህ ዱዓውን እናድርግ» አሉ። ጤፉ በዚያው ሳምንት ተዘራ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያረመኝ ትምህርት ግን የለም። ይህን ሁሉ ለወንድማማቾቹ አላወራሁም። «አፈር አትጨምሩ፤ ይልቅ ጭቃውን በእጃችሁ ጥረጉልን» አልኋቸው። ተያይተው ጎንበስ አሉ። እኔም ነገሩን ለመጀመር አልቸኮልሁም።