መቀስ የገባባቸው ፎቶዎች

እናቴ የለቅሶዋን ፎቶ እንድመርጥላት የነገረችኝ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን እየቀነጠሰች ነው። አልታመመችም። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ፈተና ሳይደርስ መሰናዳት ትወዳለች።

«እናንተን አላምናችሁም» አለችኝ። «የሞትኩ ቀን ትደናገጡና የመታወቂያዬን ጉርድ ፎቶ አሳድጋችሁ ትሰቅላላችሁ። እሱ ላይ ደግሞ ሌባ ነው የምመስለው።»

«ምን የሰረቀች ሌባ?»

«ዶሮ። ዝም ብለህ ሻንጣውን አውጣ። የምትጽፈው ግጥም ጥሎህ አይሄድም።»

ሻንጣው ከአልጋዋ ሥር የሚኖር አረንጓዴ የቆርቆሮ ሻንጣ ነው። አባቴ እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው የሞተው፤ ትቶልን ከሄደው ነገር የሚበዛው ፎቶ ነው። ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን ወደ ሐዋሳ ተዛውሮ ሲመጣ እዚህ ዘመድ አልነበረውም። አገር ቤት ለቀሩት የሚልከው ነገር እንዲኖረው በየበዓሉና በየክርስትናው ፎቶ አንሺ ይጠራ ነበር። ጎረቤቱም አብሮ ይሰለፋል። ስለዚህ ሻንጣው የእኛ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ፊት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል አይሆንልኝም። ያን ሰሞን ግን ወለሉ ላይ ከሻንጣው ጋር ዋልኩ። የሐይቁ እርጥበት አልበሞቹን አበላሽቷቸዋል። ፎቶዎቹ ከፕላስቲኩ ጋር ተጣብቀዋል፤ ሲስቧቸው ፊት ይላጣል። የስፌት ክር ከሥራቸው እያስገባሁ፣ ሳሙና በክር እንደሚቆረጠው፣ ቀስ እያልኩ አላቀቅኳቸው። በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኳቸው። መስኮቱ አጠገብ አንድ በአንድ በስልኬ አነሳኋቸውና በየፖስታው ከፋፈልኳቸው፤ የአባቴ ዘመን፣ የእህቶቼ ትምህርት ቤት፣ የሰፈር በዓላት። ከጀርባቸው በእርሳስ የምጽፈውን የምትነግረኝ እናቴ ናት።

«እሱ ሞቷል። እሷም ሞታለች። ይቺ ከተማ ቀየረች፤ አንድ ቀን እንኳ ደውላ አታውቅም። ከሞቱት ጋር አድርጋት።»

ፎቶዎቹን ከእርጥበቱ ይልቅ የጎዳቸው መቀስ ነው። በሰፈራችን ሰው በሞተ ቁጥር ወደ እኛ ቤት ይሮጣል። ድንኳኑ እየተተከለ፣ መቃብሩ እየተቆፈረ፣ አንድ ሰው ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ ፍለጋ በራችንን ያንኳኳል። ብዙ ቤት ከመታወቂያ ሌላ ፎቶ አልነበረም። እናቴ ሻንጣውን ትከፍታለች፤ ሟቹ ያለበትን ትመርጣለች፤ በስፌት መቀሷ ከሰው መሃል ቆርጣ ታወጣዋለች። እነሱ ፎቶ ቤት ወስደው ያሳድጉታል። ሙሉውን ብትሰጥ እንደማይመለስላት ታውቃለች። ስለዚህ የሰውን ድርሻ ለሰው ትሰጥና የቀረውን ወደ ሻንጣው ትመልሳለች። በኔ የክርስትና ፎቶ ላይ የክርስትና አባቴ ከሁለት እጆቹ በቀር የለም፤ እጆቹ ነጭ የለበሰ ሕፃን እንደያዙ ቀርተዋል።

ፖስታዎቹን ሞልቼ ስጨርስ አንድ ነገር አየሁ። ሰው ሁሉ እናቴ አጠገብ መቆም ይወድ ነበር፤ ስለዚህ የሞተው ሁሉ አጠገቧ ቆሞ ነው የተገኘው። ከአንዱ ጋር ትከሻዋ ሄዷል፤ ከሌላው ጋር ግማሽ ጉንጯ። በቀብር ቀን መቀስ የሚያደላው ለሞተው ነው፤ የቆረጠችውም ራሷ ናት። ፊቷ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በአንድ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። በመስቀል በዓል ቀን ከልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጎን ቆማለች፤ ፀሐዩ ወግቷት ዓይኗን አጥብባለች።

ሰጠኋት። ከዓይኗ አርቃ አየችው።

«ይሄ ይቆይ። ደህናው የአሞራ ገደሉ ነው።»

የአሞራ ገደሉን ፎቶ አይቼው አላውቅም፤ ወሬውን ግን ስሰማ ነው ያደግሁት። እናቴና የልብ ጓደኛዋ አንድ እሑድ ዓሣ ሊገዙ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ወረዱ። ጓደኛዋ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። የገዙትን ዓሣ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ የሐይቅ ዳር አሞራ፣ ከፌስታላቸው መንትፎ፣ በዚያ ረጅም እግሩ እንደ ሽማግሌ እየተራመደ ሄደ። እዚያ የሚዞረው ፎቶ አንሺ ያኔ አነሳቸው። እናቴ አፏን ከፍታ ትስቃለች፤ ክንዷ በጓደኛዋ ትከሻ ላይ ነው።

ጓደኛዋ ከዓመታት በፊት ድንገት ሞተች። የዚያን ቀን እናቴ መቀስ መያዝ አልቻለችም። «ሙሉውን ውሰደው። ቆርጣችሁ የኔን ግማሽ መልሱልኝ» ብላ ለጓደኛዋ ልጅ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛ ፎቶ አይጠየቅም ብላ ዝም አለች። ልጁ ፒያሳ ሱቅ ከፈተ፣ ቤት ሠራ፣ ከሰፈር ወጣ። እሷም እንዳፈረች ቀረች።

በማግስቱ «ተነስ፣ እንሂድ» አለችኝ። ነጠላዋን ከትልቁ ሣጥን አወጣች። ፀጉሯንም ደግማ ጎነጎነች፤ ፎቶ ልትነሳ እንጂ ፎቶ ልትጠይቅ የምትሄድ አትመስልም ነበር።

«እትዬ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት!» ብሎ የጓደኛዋ ልጅ በሩ ላይ ተቀበለን። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ቀና አደረገችው። ሰፊ ሳሎን፣ የተከፈተ ቴሌቪዥን፣ ለስላሳ መጣልን። ከሶፋው በላይ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ ጓደኛዋ ተሰቅላለች። ፎቶ ቤቱ ሐይቁን አጥፍቶ ሰማያዊ ሰማይ ሰጥቷታል። አባ ኮዳው የለም። እናቴ የለችም። በጓደኛዋ ትከሻ ላይ ግን አራት ጣቶች ቀርተዋል፤ በአንደኛው ላይ የጋብቻ ቀለበት አለ።

እናቴ ቆማ አየቻቸው። ለስላሳዋን አልነካችም።

«እነሱን እያዩ ነው አይደል?» አለ ልጁ። «ሲያናድዱኝ ነው የኖሩት። እንግዳ የተባለ ሁሉ ‹የማን እጅ ነው?› ይለኛል። አሁን በኮምፒዩተር ይጠፋል አሉኝ፤ ሰሞኑን አስጠፋቸዋለሁ።»

«የማን ነው ትላቸዋለህ?»

«ምን እላለሁ እትዬ፣ የሆነ ሰው ነው እላለሁ።» ከዚያ ቀለበቱንና እሷን ተራ በተራ አየና ሳቀ። «ውይ! የእርስዎ ነው ለካ!»

«የኔ ነው። የኔን ግማሽ ምን አደረጋችሁት፣ ልጄ?»

«ያኔ ማን ልብ አለው፣ እትዬ። የቆረጠው ፎቶ ቤቱ ነው፤ ጥሎት ይሆናል። ፎቶ ቤቱም ተዘግቷል። ለምን ፈለጉት?»

«እንዲያው ነው» አለች።

«ይጠጡ እንጂ፣ ሞቀ እኮ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እሰድበው ነበር፤ ለእሱም ስድብ የሚሆን ስንኝ አላጣም። በር ድረስ ሸኘን፤ ባጃጅ ጠራልን። እናቴ ባጃጁ ውስጥ ቀለበት ያለበትን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከትታ ተቀመጠች።

«እኔ ስንቱን ቆርጫለሁ» አለች መናኸሪያውን ስናልፍ። «የማንንም ግማሽ ግን ጥዬ አላውቅም።»

«አሞራ ገደል ወርደን እንደገና ላንሳሽ፣ እማዬ።»

«ማንን ይዤ? ምን አስቆኝ?»

ክረምቱ እንደወጣ ልብስ ሰፊው ሞተ። የሁላችንንም ዩኒፎርም የሰፋው፣ በመስቀሉ ፎቶ ከእናቴ ጎን የቆመው ሰውዬ ነው። ፎቶ ሲነሳ እንኳ ሜትሩን ከአንገቱ አላወረደም። ጠዋት ላይ ሴት ልጁ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ መጣች፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«እትዬ፣ አባዬ ከእናንተ ጋር የተነሳው አይጠፋም። በዓል በዓል ላይ ይነሳ ነበር። ፎቶ ቤቱ አሁኑኑ አምጡ ብሎናል።»

ፖስታው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ፎቶው በስልኬም አለ። መቀስም አያስፈልግም፤ እዚያው እንደቆመች ልልክላት እችል ነበር። እናቴን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ስልኩን የያዝኩበትን እጅ አየች።

«የለም፣ ልጄ» አለች። «እርጥበት በልቶት አንድም አልተረፈም። እሱን ነፍሱን ይማር።»

ልጅቷ እንዳቀረቀረች ወጣች። እኔም አፌን አልከፈትኩም። ይባስ ብሎ ደስ አለኝ፤ ደስታውም እስከ ድንኳኑ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

ድንኳኑ ውስጥ ልብስ ሰፊው ከመታወቂያው ተነስቶ ተሰቅሏል። ያን ያህል ሲያሳድጉት ፊቱ እንደ እርጥብ ወረቀት ተበትኗል። የቀበሌው ማህተም ግማሽ ክብ ሰሃን አክሎ አገጩን ቆርጦታል። ዓይኑ ፈጧል። አንገቱ ባዶ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሲለካ የኖረ ሰው፣ የሆነ ነገር ሰርቆ የተያዘ ይመስላል።

ከእናቴ ጎን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጎንተል አደረጓት። «ምነው፣ ደህና ፎቶ አጡለት? አንቺ ዘንድ አይጠፋም ነበር እኮ።»

«እኔም ዘንድ አለቀ» አለች እናቴ፤ ዓይኗን ከተሰቀለው ፊት ላይ አላነሳችም።

ቤት እንደገባን ጫማዋን ሳታወልቅ «ያን የመስቀሉን አምጣው» አለችኝ። አመጣሁላት። መቀሱን ከስፌት ሣጥኗ አወጣች። ልብስ ሰፊውን ለይታ ልትልክላቸው መስሎኝ ነበር። የቆረጠችው ግን ራሷን ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ መቀሱን ወደ ራሷ አስጠግታ፣ ትከሻዋንና ጆሮዋን ሳትነካ፣ በልብስ ሰፊው ደረት በኩል ቆረጠች። የሜትሩ ጫፍ እሷ ዘንድ ቀረ።

«ይኸው» አለች። «ይሄን አሳድግ። ዓይኔን አጥብቤያለሁ፤ ቢሆንም ሌባ አልመስልም።»

«የእሱስ ግማሽ?»

«አስቀምጠው። ሲጠይቁን እንሰጣለን።»

አሳደግሁት። ፎቶ ቤቱ ያችን የሜትር ጫፍ ላጥፋት ወይ ሲለኝ ተዋት አልኩት። አሁን ፍሬም ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ቀኑን ይጠብቃል። የልብስ ሰፊው ግማሽ ፖስታው ውስጥ ነው፤ ሳልጥለው በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ አኑሬዋለሁ። እስካሁን ማንም መጥቶ አልጠየቀንም። ምን ብለው ይጠይቃሉ፤ የለም ብለናቸዋል።