«መዝገብ» የተባለው ፓንዳስ

ዳባት ላይ ለጤና ሠራተኞች የዐሥር ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና እንድሰጥ ስላክ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። የክትባትና የወሊድ መረጃ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እንዲያጠናቅሩ ነው የማስተምራቸው። ከሠልጣኞቹ አንዷ ከደባርቅ የመጡ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከእናቴ አያንስም፤ እኔን ግን መምህር ነው ብለው «አንቱ» ይሉኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስለ ላይብረሪ ጀመርን። ላይብረሪ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ እኛ ጠርተን የምንገለገልበት ኮድ ነው። ስሙ እንዳይረዝም ስንጠራው አጭር ስም እናወጣለታለን። ለስሌት የሚያገለግለውን ነምፓይን «ኤንፒ»፣ ሠንጠረዥ የሚይዘውን ፓንዳስን «ፒዲ» በሉ ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

ነርሷ እጃቸውን አወጡ። «ፒዲ ማለት ግዴታ ነው?»

«ግዴታ ነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሌሎች ሲጽፉት አይቼ እንጂ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ቆይቼ በመካከላቸው ስዘዋወር አየሁ፤ ነርሷ ፓንዳስን በአማርኛ ፊደል «መዝገብ» ብለውታል።

«ሠንጠረዥ የሚይዝልን እሱ አይደል? ፒዲ ይጠፋብኛል፤ መዝገብ ካልኩት አልረሳውም» አሉኝ።

ሳቅሁ። ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ኧረ እማማ፣ ኮምፒውተር እኮ ፊደል አልቆጠረም!» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው የጻፉትን አጠፉት። ከዚያ ወዲያ እጃቸውን አላወጡም።

ሥልጠናው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ፣ ነገሩ ከንክኖኝ በራሴ ላፕቶፕ ሞከርኩት። ፓንዳስን መዝገብ ብዬ አንድ ፋይል አስከፈትኩት። ከፈተው። ስሕተት እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ለካ ፒዲ የሚባለው ኮዱን ሌላ ሰው ሲያነበው እንዳይቸገር የተለመደ ነገር ነው እንጂ ሕግ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ልናገር ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቴም ስለ ሻይ ዕረፍት ተናገርኩ። በማግስቱ የምስክር ወረቀታቸውን ስሰጣቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። እሳቸው ጎንበስ ብለው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

ከወራት በኋላ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ተገናኘን። አጠገቤ ተቀመጡ። ኮሶዬን እስክናልፍ ስለ ብርዱ ስናወራ ቆየንና እንደ ምንም ደፈርኩ።

«እትዬ፣ ያ መዝገብ ያሉት ነገር ይሠራል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ባጠፋሁት ማግስት ጠዋት፣ አንቱ ሳይገቡ ሞክሬዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ሰው ፊት ላሳፍርዎ?»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ይቅርታ የሚለው ቃል ያን ቀንም ከአፌ አልወጣም። ቢያሳፍሩኝ ይሻለኝ ነበር።