ለትምህርት ቤቱ አለቃ የላክነው ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት ቡፎርድ ሃይዌይ ካለው ትልቅ ገበያ ባሚያ ስመርጥ አንዲት ወጣት እናት አጠገቤ መጥታ ቆመች። በዲቪ ከመጣች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ሰላምታ ተለዋውጠን እንዳበቃን፣ ስለ ሥራ ትጠይቀኛለች ስል «እማማ፣ ለልጆች ጥሩ ትምህርት ቤት ያለው የቱ ሰፈር ነው? ቤት የምከራየው እዚያ ነው» አለችኝ። አዲስ መጪ ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ ክፋት የለበትም። እኔ ግን ባሚያ መምረጤን ቀጠልኩ። ልጄ ሐያት ከኋላ ደርሳ የምታውቀውን ነገረቻት። ስንመለስ መኪናዋን እየነዳች «ሰሚራን አስታውሰሽ ነው አይደል እማዬ?» አለችኝ። ሐያት መልሱን ታውቀዋለች።

ሰሚራ የሐያት ልጅ ናት፤ ያሳደግኳት ግን እኔ ነኝ። እናቷ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ስለምትነዳ፣ ጠዋት ፀጉሯን የምሠራው፣ ከሰዓት ከአውቶቡስ የምቀበላት እኔ ነበርኩ። የማወራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ገደማ ስለሆነው ነገር ነው። ያኔ ጉልበቴ ገና ጠንካራ ነበር፤ ምላሴም እንዲሁ።

የምንኖረው ታከር ከምትባለው ከተማ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነበር። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ። ዙሪያዋን የከበባት ካውንቲ፣ አውራጃ እንደምንለው ያለ፣ ሰፊ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም ብዙ ናቸው፣ ልጅ ይጠፋባቸዋል። ያቺ ከተማ ግን ከካውንቲው ተለይታ ትምህርት ቤቶቿን ራሷ ታስተዳድራለች። የራሷ አውቶቡስ አላት፤ ሕዝቡ የሚመርጠው የራሷ ቦርድ አላት። የቦርዱ አባላት ሌላ ሥራ ያላቸው የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፣ አንዷ ቤት አሻሻጭ ናት። ከእነሱ ሥር ሁሉንም ትምህርት ቤቶች የሚመራ አንድ አለቃ አለ።

እኔ የተማርኩት ኮምቦልቻ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚመራ አውቃለሁ አልልም። ግን ያ አለቃ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ሲያስገባ አይቼ ወድጄው ነበር። ሰሚራንም ስሟን ሳያበላሽ ነበር የሚጠራት። ምሳ የምታድለው ሴትዮ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ያለበት ምግብ ሲቀርብ ሰሚራን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ሌላው ትሪ ታመለክታት ነበር። ማንም አላዘዛትም። ትንሽ ቦታ እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር አለው።

ሰሚራ እዚያው ትምህርት ቤት ክላርኔት የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ መንፋት ጀመረች። መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ቤት ይዛው እየመጣች ትለማመድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ ጉሮሮውን የታነቀ ዳክዬ ይመስል ነበር። «ኧረ ይህን ነገር እዚያው በባለቤቶቹ ጆሮ ላይ ተለማመጂው» እላት ነበር። እሷም «እማማ፣ ቆይ ብቻ፣ ታለቅሻለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ፣ ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ በጀመረበት ወቅት፣ አንድ ቀን ወጥ እያማሰልኩ እንዳለሁ ማማሰያዬን አስቀምጬ ሰማኋት። ለዲሴምበሩ ኮንሰርት መምህሯ ብቻዋን የምትጫወተው ክፍል ሰጥታታለች። ከሌላው ልጅ ሁሉ መርጣ ነው የሰጠቻት። ሰሚራ ያን ሰሞን ስትሄድም ስትመጣም እያፏጨች ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፈነዳ ቧንቧ ነው። የምንኖርበት አፓርትመንት ግቢ ውስጥ ብዙ ሕንፃዎች ነበሩ። የእኛ ከፊት፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ቧንቧው ፈንድቶ ወለሉ ሲበሰብስ የግቢው ኃላፊ ከኋላ ካሉት ሕንፃዎች የአንዱን ቁልፍ ሰጠን። ፍራሻችንን ተሸክመን የመኪና ማቆሚያውን ተሻገርን፤ በቃ፣ መዛወር ማለት ይኸው ነበር። አጥራችን፣ የግቢያችን በር፣ የከተማው ስም አልተለወጠም። ለትምህርት ቤቱ እንንገር ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከዓመት በኋላ ልጆች የት እንደሚኖሩ የሚያጣራ ሰው በራችንን አንኳኳ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ገባ። የሰሚራን አልጋ አየ፣ ልብሷን አየ፣ አመስግኖ ወጣ። ወዲያው ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ተደወለ፤ ልጅቷ የካውንቲው ናት፣ ከእኛ ዘንድ ትውጣ የሚል።

«እንዴት ነው የካውንቲው የሆነችው?» አልኩ።

«ላይኑ፣ ድንበሩ እኮ ፓርኪንጉ መሀል ነው የሚያልፈው፣ እማማ» አለች ሰሚራ። «ከዚህ ወዲያ ከተማው ነው፣ ከዚህ ወዲህ አይደለም።»

ወጥቼ አየሁት። አስፋልት ነው። መኪኖች ላዩ ላይ ቆመዋል። ልጅን ከትምህርት ቤቷ የሚለይ ነገር ቢያንስ ወንዝ መሆን አልነበረበትም?

ሐያት ደንቡን ጠይቃ መጣች። አለቃው ከፈለገ አንድ ልጅ ዓመቱን እንድትጨርስ በራሱ ሥልጣን መፍቀድ ይችላል ተባለች። እኔም ይህን ስሰማ የምናውቀውን መንገድ አሰብኩ። ሥልጣን ያለው ሰው ዘንድ ሽማግሌ ይላካል፤ ያውም ቢሮው አይደለም፣ ቤቱ። ቢሮ ለሙግት ነው፤ ቤቱ የሄደ ግን አክብሮ ነው የሄደው። ሼህ እንድሪስ ቅዳሜና እሑድ ለልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ንባቡን የሚያስተምሩ አዛውንት ነበሩ። አቶ ታደሰ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ። አለቃውን ኤርፖርት አድርሰውት ስለሚያውቁ ቤቱን ያውቁታል። ሦስተኛ ሰው የአቶ ታደሰ ጎረቤት ሆኑ።

ቅዳሜ ጠዋት ምሳቸውን ሠርቼ ወጣሁ። ሥጋ ብሠራ የሼሁና የእነ አቶ ታደሰ ቢላ ይለያያል፤ ጾምም ገብቶ ነበር። ስለዚህ ምስር ክክና ጎመን ነው የሠራሁት፣ ከአንድ ትሪ እንዲበሉ። ባለጉዳይ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔና ሐያት መኪናውን ከመንገዱ ማዶ ፓርክ አድርገን ጠበቅን።

ቤቱ ትንሽ የሸክላ ቤት ነው። አለቃው ቁምጣ ለብሶ ቅጠል ይጠርግ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ሼህ እንድሪስ ከዘራቸውን ይዘዋል። ጎንበስ ብለው ሰላም አሉት፤ እሱም መጥረጊያውን ጥሎ ጨበጣቸው። አቶ ታደሰ በእንግሊዝኛ ሲያስረዱት ይታየኛል። በረንዳው ላይ ያሉትን ወንበሮች አሳያቸው፤ አልተቀመጡም። ገብቶ ውሃ ይዞላቸው ወጣ፤ አልተቀበሉም። ደስ አለኝ። ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው ውሃ የሚጠጣ ከሆነ ምን ሽማግሌ ነው?

በኋላ አቶ ታደሰ እንደነገሩኝ ሰውየው «እዚህ ቤቴ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ማውራት አልችልም፤ ሰኞ ቢሮ ኑ» ብሏቸዋል። እሳቸውም «ቃልዎን ሳይሰጡን ከዚህ አንነቃነቅም» ብለውታል። በእኛ ቋንቋ ይህ ልመና ነው፤ ክብደቱም ፍቅሩም እዚያው ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም። ሰውየው ይሄዳሉ ብሎ ገብቶ በሩን ዘጋ። እነሱ ሣሩ ላይ ቆሙ። መጋረጃው ሲነቃነቅ አየሁ፤ ሚስቱ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ መጣ፤ አንድ ነበር፣ ወጣት። ከመኪናው ሲወርድ እጁ ወገቡ ላይ ነበር። ሼህ እንድሪስን «ዱላውን ጣል!» አላቸው። አጎንብሰው ከዘራቸውን ሣሩ ላይ አኖሩ፤ ቀና ሲሉ የሚደገፉት አጥተው ተንገዳገዱ። ልወርድ በሩን ስከፍት ሐያት ክንዴን ያዘችኝ።

«እማዬ፣ አላህን ብለሽ ተቀመጪ። ታባብሺዋለሽ።»

«የቁርኣን አስተማሪ እኮ ናቸው!»

«እሱ ያንን አያውቅም፣ እማዬ። አያውቅም።»

አለቃው እየሮጠ ወጣ። ለፖሊሱ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ከዘራውን ግን ራሱ አንስቶ ለሼሁ ሰጣቸው፣ ፊቱ ቀልቶ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቤት ስንመለስ ትሪውን አቀረብኩ፤ ሦስቱም እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና አንዳቸውም አልቆረሱም። ሼህ እንድሪስ ብቻ «ወይዘሮ ዘሃራ፣ በዕድሜዬ ሽማግሌ ሆኜ ባዶ እጄን ስመለስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ሐያት ተደወለላት። የትምህርት ቤቶቹ ጠበቃ፣ ፖሊስ የገባበት ጉዳይ ስለሆነ አለቃው ብቻውን ሊወስን አይገባም፣ ቦርዱ ይየው ብሎ ነበር። በቦርዱ ስብሰባ መናገር ይቻላል፤ ቅዳሜ የሄዱት ሰዎች ግን ባይመጡ ይመረጣል። ሽማግሌ መላካችን ስህተት ነበር ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ከራሳችንም ሰዎች ጭምር። እኔ አንድም ቀን አልተቀበልኩም። አክብረን ሄድን፤ አክብሮት ካልታወቀ ጉድለቱ የእኛ ብቻ አይደለም።

ስብሰባው አመሻሽ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር። ሐያት ፈቃድ አጥታ ቀረች። አቶ ታደሰ አድርሰውን እንደ ተባሉት መኪናቸው ውስጥ ቀሩ። ይመጣል የተባለው አስተርጓሚም አልመጣም። ደንባቸው ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ጠረጴዛው ላይ መብራት አለ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቦርዱ ይሰማል እንጂ አይመልስም። ይህንንም ቀድመው ነገሩን። አስተርጓሚ ስለሌለ ሰሚራ ራሷ አጠገቤ ቆመች። የራሷን ጉዳይ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ።

«ይህች ልጅ መኪና ማቆሚያ ተሻገረች እንጂ አገር አልለወጠችም» አልኩ። ተረጎመችው። «ሰነፍ አይደለችም፣ ተሳዳቢ አይደለችም፣ ስሟን ታውቃላችሁ» አልኩ። ይህንንም ቀስ ብላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተረጎመችው። ሦስቱ ደቂቃ ለሁለት ቋንቋ አልበቃም፤ ቢጫው በራ። ያን ጊዜ የቀረኝን ሁሉ አወጣሁት። ሽማግሌ ላይ ፖሊስ የጠራ ሰፈር ልጅ ምን ያስተምራል አልኩ። ከዘራውን አነሳሁ፣ ሼሁን አነሳሁ፣ የሚመጣውን የፍርድ ቀን አነሳሁ።

ሰሚራ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ አጭር ነገር ተናገረች፤ ከተናገርኩት ከግማሹም ያነሰ። መጨረሻው «ታንክ ዩ» ነበር። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃል። ያን ቃል ግን እኔ አልተናገርኩም ነበር። ቀዩ በራ። መሀል የተቀመጠችው ሴትዮ ፈገግ ብላ አመሰገነችንና ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ምን እንዳለች ያወቅሁት ሰሚራ ለእናቷ ነግራት፣ ከሐያት ነው። «እባካችሁ፣ ኮንሰርቱ እስኪያልፍ ብቻ አቆዩኝ። አመሰግናለሁ» ነበር ያለችው። ስለ ዓመቱ አልጠየቀችም፤ ስለ ፍትሕም አልጠየቀችም። በማግስቱ የቢሮው ጸሐፊ ደውላ ቦርዱ ውሳኔውን አጽንቷል፣ መስመሩን ማንም ሊነካው አይችልም አለች። ስለ ኮንሰርቱ ግን ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ እምቢም አላሉ፣ እሺም አላሉ። ለውይይት በቀረበው ውስጥ አልነበረማ።

ክላርኔቱን ለመመለስ አብሬያት ሄድኩ። እየፈታታች በጨርቅ ወለወለችው፣ ሣጥኑ ውስጥ በየቦታው አስተኛችው። መምህሯ እያለቀሰች አቅፋ ኮንሰርቱን ቢያንስ ተመልካች ሆና እንድትመጣ ለመነቻት። ሄድን። የእሷን ክፍል አንዲት ቀጭን ልጅ ተጫወተችው፤ ደህና አድርጋ ነው የተጫወተችው። ሰሚራ ለዚያች ልጅ ቆማ አጨበጨበች፤ ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላም ታጨበጭብ ነበር። እንዳለችው አለቀስኩ።

የካውንቲው ትምህርት ቤት ተቀበላት። እዚያም የሙዚቃ ባንድ ነበር፤ ክላርኔት ስጡኝ ብለሽ ጠይቂ ስላት «ይሁን፣ እማማ» አለችኝና ሳትጠይቅ ቀረች።

ዛሬ ሰሚራ ኦሃዮ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ያ አፓርትመንት ተሸጦ ፈርሶ፣ በቦታው ባለ ሦስት ፎቅ የሚያማምሩ ቤቶች ተሠርተዋል። ከተማውም ቦታውን እስከ ጀርባው አጥር ድረስ ወደ ራሱ ጠቅልሎታል። እዚያ ሰፈር አሁን የሚኖሩ ልጆች ሁሉ ያችው ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ይህን የሰማሁ ቀን ለሰሚራ ደወልኩላት።

«ለልጆቹ ጥሩ ነው፣ እማማ» አለች። «ብርድ ገብቷል፣ ልብስ ደርቢ።»

ለልጆቹ ጥሩ ነው፤ እኔም አልመቀኛቸውም። ግን ያኔ መስመሩን ማንም ሊነካው አይችልም ብለውን ነበር። ከዚያ ወዲህ አይቻልም የሚለኝን ሰው ሁሉ፣ ሐኪም ይሁን የመንግሥት ሠራተኛ፣ አይቻልም ነው ወይስ አትፈልጉም ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። ሐያት ታፍርብኛለች። ሰሚራ አታፍርብኝም፤ እሷ ግን ማንንም ምንም አትጠይቅም። ሥራ ቦታዋ የደረጃ ዕድገት ሲያልፋት አትጠይቅም፤ በተራዋ ሌላ ሰው ሲያስቀድሙባት ዝም ትላለች። ሰው ሁሉ ትሑት ልጅ ናት እያለ ያመሰግናታል። እኔ ሲያመሰግኗት እየሰማሁ ልቤ ይደማል።